ቆሮሶ በዘሩ ነው ወይስ በውኃው የሚፋፋው?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ቆሮሶ ሲገፈፍ ጎኑን ልብ ብላችሁ እዩት። ነጩ ሥጋ በማዕበል መልክ እየተጠማዘዘ ከራስ እስከ ጭራ ተነባብሯል። ከቆዳው ሥር፣ በጎኑ መሐል ለመሐል፣ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። በቀዩ ጡንቻ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይዋኛል፤ በነጩ ከአዳኝ ሊያመልጥ በቅጽበት ይስፈነጠራል። ፊሌቶ የምንለው በአብዛኛው ነጩ ነው።

የበግ ግልገል ሲወለድ የጡንቻው ክሮች ቁጥር ተወስኖ ያለቀ ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ይወፍራሉ። ቆሮሶ ግን ከተፈለፈለ በኋላም ነባሮቹን እያወፈረ አዳዲስ ክሮች ይጨምራል። በጫጩትነቱ የኖረበት ውኃ ሲያድግ ሥጋው ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

የሰውነቱ ሙቀትም የውኃው ሙቀት ነው። 28 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይበላል፣ ያድጋል፤ ወደ 16 ሲወርድ መብላቱን ይተዋል። የደጋ ኩሬ ላይ ትልቁ ፈተና ይኸው ብርድ ነው። መጨናነቅም አለ። በጠባብ ኩሬ ቆሮሶ በጥቂት ወራት ዕድሜው፣ ገና መዳፍ ሳይሞላ መራባት ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል በዚያ ሰሞን እህል አትቀምስም። ኩሬው በደቃቅ ዓሣ ይሞላል፤ አርቢው ዘሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የዘሩ አይደለም። ወንድ ወንዱን ለይቶ ማርባት የተለመደውም ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግና መራባቱም ስለሚቆም ነው።

ይህ ማለት ዘር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ማዮስታቲን የተባለው ፕሮቲን የጡንቻን ዕድገት ይገታል፤ ሥራው ሲዳከም ጡንቻ ይደልባል። ሆኖም የቆሮሶ ዕድገት የብዙ ጂኖች ድምር ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረው «ጊፍት» የተሰኘ ፕሮጀክት ይህን በተግባር አሳየ። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የመጡ የዱር ቆሮሶዎች እዚያው ከሚረቡት ጋር ተዳቀሉ፤ ከየትውልዱ ፈጣኖቹ ብቻ ለዘር ተያዙ። የተደረገው ማዳቀልና ምርጫ ብቻ ነው፤ ዕድገቱ ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት ትውልዶች በየትውልዱ ከ12 እስከ 17 በመቶ ጨመረ።

የዚያ ሥራ መነሻ የአፍሪካ ውኆች መሆናቸው እኛንም ይመለከተናል። ፈጣን ዘር ከውጭ ከማስገባት በፊት የጣናን፣ የሐዋሳንና የጫሞን ቆሮሶ በአንድ ኩሬ እያረቡ መመዘን፣ ከእነሱም መምረጥ ይቅደም እላለሁ። ከውጭ የመጣው ከኩሬ አምልጦ ሐይቅ ከገባ ከነባሩ ይዳቀላል፤ የተቀላቀለውን ዘር መልሶ መለየት ደግሞ የማይሞከር ነው።