ፍልሰተ ፊደል፤ የቀላል ምሥጢራዊ ጽሕፈት ሒሳብ ከሐይቅና ከአምባሰል ሲታይ

ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ውኃ ሲመለከት፣ ቀድሞ ደሴት የነበረውን፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም ማየቱ አይቀርም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍትን ያስጻፉበትና ደቀ መዛሙርትን ያፈሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት፣ አበምኔቱም «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በነገሥታቱ ዘንድ የከበረበት ይህ ደብር ከፊደል ጋር ያለው ዝምድና የጠበቀ ስለ ሆነ፣ ስለ ፊደላት ሥርዓትና ስለ መዘዋወራቸው የሚናገር ዳሰሳ ከዚህ ቢነሣ ተገቢ ነው።

የምሥጢራዊ ጽሕፈት ጥበብ ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ሲሄድ ኖሯል። አንደኛው እያንዳንዱን ፊደል በሌላ ፊደል የሚተካ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በሚያውቁት ቃል «ውላጤ» ልንለው እንችላለን፤ ሁለተኛው ግን ፊደላቱን እንዳሉ ትቶ መቀመጫቸውን ብቻ የሚያለዋውጥ ነውና በዚህ ጽሑፍ «ፍልሰት» ብለን እንጠራዋለን። በውላጤ ፊደሉ ማንነቱን ይለውጣል እንጂ ቦታውን አይለቅም፤ በፍልሰት ቦታውን ይለቃል እንጂ ማንነቱን አይለውጥም። የእኛ ቅኔ ደግሞ ፊደሉንም ቦታውንም ሳይነካ፣ በአንድ ቃል ላይ ሰምና ወርቅ በማሳደር ብቻ ምሥጢርን ይሰውራል፤ ስለዚህ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው። ከጥንታውያን መካከል በፍልሰት ስማቸው የሚነሣው የስፓርታ ሰዎች ናቸው፤ ፕሉታርክ እንደሚተርከው ቀጭን ጠፍር በበትር ላይ ጠምጥመው በላዩ ይጽፉና ጠፍሩን ብቻ ይልኩ ነበር፤ ተቀባዩም ውፍረቱ እኩል በሆነ በትር ላይ መልሶ ካልጠመጠመው በስተቀር ቃሉ አይነበብም ነበር።

የዚህ ጥበብ ሒሳብ ከመቁጠር ይጀምራል። «ገዳም» የሚለው ቃል ሦስት ፊደላት ስላሉት፣ ለመጀመሪያው ቦታ ሦስት ምርጫ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለመጨረሻው አንድ ብቻ ይቀራል፤ ሦስቱን ብናባዛ ስድስት አደራደር እናገኛለን። «ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም» ብለን ብንጽፍ ፊደላቱ 12 ይሆናሉ፤ ከ12 እስከ 1 ያሉትን ቁጥሮች ስናባዛ የሚገኘው 479,001,600 ነው፤ «ስ» ሁለት ጊዜ ስለ ተጻፈች ግን ይህ ለሁለት ተከፍሎ የተለያየው አደራደር 239,500,800 ይሆናል። ቁጥሩ እጅግ ብዙ ቢሆንም ጸሐፊው ከእነዚህ አንዱን እንዲሁ በዘፈቀደ ቢመርጥ እሱም ተቀባዩም በቃል ሊይዙት ይቸገራሉና፣ በቀላል ሕግ የሚመራ አደራደር መሻት ግድ ሆነ፤ የጥበቡ ድካም ያለውም በዚሁ ቀላል ሕግ ላይ ነው።

ከሕጎቹ ሁሉ ቀላሉ ቃሉን በሠንጠረዥ ወደ ጎን ጽፎ ወደ ታች ማንበብ ነው። ስሙን በአራት ረድፍና በሦስት ዓምድ ብናሰፍረው እንዲህ ይሆናል።

ሐ ይ ቅ
እ ስ ጢ
ፋ ኖ ስ
ገ ዳ ም

ዓምዶቹን ከላይ ወደ ታች ስናነብ «ሐእፋገ ይስኖዳ ቅጢስም» የሚል ትርጉም የሌለው ድምፅ ይወጣል። አሁን የፊደላቱን ቦታ ከ0 እስከ 11 ብንቆጥር፣ ከመጨረሻዋ በቀር የእያንዳንዱ ፊደል አዲስ ቦታ አሮጌው በ4 ተባዝቶ በ11 ሲካፈል የሚቀረው ሆኖ ይገኛል፤ የመጀመሪያዋ «ሐ» እና የመጨረሻዋ «ም» ብቻ ከመቀመጫቸው አይነሡም። በቦታ 1 ያለችው «ይ» ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 3፣ ከ3ም ተመልሳ ወደ 1 ትደርሳለች፤ የቀሩት አምስቱም በራሳቸው ዙር እንዲሁ ይዞራሉ። እንግዲህ ያንኑ ሥራ አምስት ጊዜ የደጋገመ ሰው የመጀመሪያውን ጽሑፍ መልሶ ያገኘዋል። ያው ስም በሁለት ረድፍና በስድስት ዓምድ ቢሰፍር ግን ማባዣው 2 ስለሚሆን፣ አሥሩ ተንቀሳቃሽ ፊደላት በአንድ ረዥም ዙር ተያይዘው የሚመለሱት ከአሥር ጊዜ በኋላ ነው። ፊደላቱ ሳይጨመሩና ሳይቀነሱ የሠንጠረዡ ወርድ ብቻ መለወጡ የዙሩን ርዝመት ይህን ያህል መለወጡ፣ ላግራንዥ በ18ኛው፣ ኮሺም በ19ኛው መቶ ዘመን አጥብቀው ለመረመሩት ለአደራደር ሒሳብ መግቢያ የሚሆን ምሳሌ ነው።

ሕጉን ለማጠንከር ዓምዶቹ በተራቸው ሳይሆን በቁልፍ ቃል ይነበባሉ። «አምባሰል» የሚለውን አምስት ፊደል ያለውን ስም ቁልፍ ብናደርግና የቁልፉን ፊደላት በ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ ብናስቀድም፣ ልኡ ቀዳሚ፣ ሙ ሁለተኛ፣ ሰው ሦስተኛ፣ ባው አራተኛ፣ አው አምስተኛ ይሆናሉ፤ በ«አ በ ገ ደ» ተራ ቢሆን ግን አ፣ ባ፣ ል፣ ም፣ ሰ እያሉ ይከተላሉ። የእኛ ፊደል ሁለት የታወቁ ተራዎች ስላሉት፣ አንድ ቃል ሁለት ቁልፍ ሊሆን መቻሉ በሌሎች ዘንድ በቀላሉ የማይገኝ ጸጋ ነው።

የ«አ በ ገ ደ» ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የዚህ ዳሰሳ ልብ የሆነውን ነገር ልናገር። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሀሁን በረድፉ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ወደ ፊደለ ሐዋርያ ከመሻገሩ አስቀድሞ በአቡጊዳ ያልፋል፤ የአቡጊዳም ሠንጠረዥ እንዲህ ይጀምራል።

አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ
በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ
ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ

አስተውሎ ላየው፣ የግዕዙ ዓምድ በቦታው ቆሞ ሳለ የካዕቡ ዓምድ በአንድ፣ የሣልሱ በሁለት፣ የራብዑ በሦስት፣ እንዲህ እያለ የሳብዑ በስድስት እርምጃ ወደ ላይ ተስቧል። ይህ እውነተኛ ፍልሰት ነው፤ ምንም ፊደል አልተጨመረም፣ አልጠፋምም። የግዕዝን 26 ፊደላት ከሰባት ድምፃቸው ጋር ብንይዝ 182 መቀመጫ እናገኛለን፤ ከላይ የወጣው ከታች እንዲገባ አድርገን ሠንጠረዡን እንደ ክብ ብንቆጥርና ይህንኑ መሳብ ብንደጋግም፣ በ13ኛው ጊዜ ግዕዝ፣ ሣልስ፣ ኃምስና ሳብዕ ወደ ጥንት ቦታቸው ሲመለሱ፣ ካዕብ፣ ራብዕና ሳድስ ግን ከቤታቸው እኩሌታ ርቀት ላይ ይቆያሉ፤ በ26ኛው ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይመለሳሉ።

መምህራኑ አቡጊዳን ያስቀጸሉት ለመሰወር አልነበረም። ሕፃኑ ሀሁን በዜማ ስለሚይዘው አፉ ከዓይኑ ቀድሞ ይሮጣል፤ ተራው ሲፈርስበት ግን የቃል ጥናቱ አይረዳውምና እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ለይቶ ለማንበብ ይገደዳል። በሌላው ዓለም አንባቢን ለማሳት የተፈለሰፈው ሥራ በእኛ ዘንድ አንባቢን ለማፍራት ዋለ።

የፍልሰት ሌላ ፈለግ በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በአምባሰል፣ በመስቀል ቅርጽ በቆመችው በግሸን ደብረ ከርቤ፣ ግማደ መስቀሉ እንዳረፈ ትውፊቱ ያስተምራል፤ መስከረም 21 ቀን ወደዚያ የሚወጣው ምእመን ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የሚባሉትን የአምስቱን ችንካሮች ስም ያውቃል። ሊቃውንት እነዚህን ስሞች ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ ከሚለው የላቲን ሠንጠረዥ ጋር ያዛምዷቸዋል፤ ይህም በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ፍርስራሽ ተጽፎ የተገኘ፣ አምስት በአምስት የሆነ፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም ከኋላም ቢነበብ ያው የሚሆን ነው። በሒሳብ ቋንቋ ረድፉ ዓምድ፣ ዓምዱም ረድፍ ቢሆን የማይናወጥ ጽሑፍ ነው፤ 25ቱ ፊደላት በሌላ አደራደር ሲሰፍሩ ደግሞ የአቡነ ዘበሰማያት የላቲን መነሻ ቃላት ሁለት ጊዜ በመስቀል ቅርጽ ተሰናስለው ይወጣሉ፣ ከዚያም ሁለት «አ» እና ሁለት «ኦ» ይተርፋሉ። ወደ ግዕዝ ሲሻገር ግን ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ አካል ስለሚይዝ 25 የነበረው 16 ሆነ፤ ሠንጠረዡ ፈርሶ ስሞቹ በጸሎት ጸኑ።

በብራና መጻሕፍትም ላይ ፍልሰት ይደርሳል። አራት ብራናዎች ለሁለት ታጥፈው አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲገቡ ስምንት ቅጠል ያለው ጥራዝ ይሆናሉ፤ አንደኛው ቅጠል ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው ጋር ተያይዞ የጥንዶቹ ድምር ሁልጊዜ 9 ነው። ስፌቱ ተበጥሶ ብራናዎቹ ቢበተኑ፣ አራቱ በ24 ተራ ሊደረደሩ፣ እያንዳንዱም ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሊታጠፍ ስለሚችል አደራደሩ 24 በ16 ተባዝቶ 384 ይሆናል። ጥራዙን የሚያድሰው ሰው በየገጹ መጨረሻ የተቋረጠውን ዐረፍተ ነገር በሌላው ገጽ ራስ ላይ ሲፈልግ፣ የሚሠራው የምሥጢር ፈቺን ሥራ ነው።

አምባሰል በዜማም ስሟን ለቅኝት ሰጥታለች። የሙዚቃ መምህራን እንደሚጽፉት፣ በአምባሰል ቅኝት በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ድምፅ ሲለካ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው፤ የትልቁ ባቲ ደግሞ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ነውና አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። አምባሰልን ከሦስተኛው ርቀት ብንጀምረው 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ይሆናል፤ ይህም ትንሹ ትዝታ ነው። ከወሎ ምድር ስማቸውን የወረሱት ሁለቱ ቅኝቶች እርስ በርሳቸው በመገልበጥ፣ አምባሰልም ከትንሹ ትዝታ ጋር በመዞር ይዛመዳሉ፤ መገልበጥና መዞርም ሁለት ቀላል የፍልሰት ዓይነቶች ናቸው።

ምሥጢሩ የሚፈታበትን መንገድ ስንመለከት፣ ፍልሰት የፊደላቱን ብዛት ስለማይለውጥ መጀመሪያ የሚያጋልጠው ይኸው ንጽሕናው ነው። አል ኪንዲ በ9ኛው መቶ ዘመን ፊደላትን በመቁጠር ውላጤ እንደሚፈታ አስተምሯል፤ በአማርኛ ጽሑፍም ሳድስ ድምፆች ይበዛሉና፣ ቆጣሪው የተለመደውን ብዛት በተለመዱት ፊደላት ላይ ካገኘ ጽሑፉ ፍልሰት መሆኑን ያውቃል። ከዚያም የጽሑፉን ርዝመት አካፋዮች፣ ለ12 ፊደል 2፣ 3፣ 4 እና 6ን፣ በዓምድ ቁጥርነት ይሞክራል፤ ቃል በ«የ»፣ በ«በ»፣ በ«ለ» መጀመሩን፣ በ«ን»፣ በ«ው»፣ በ«ም» መጨረሱን እየመረመረ ጎረቤት ፊደላትን ያገናኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ድርብ ፍልሰት ቢጠቀሙም ፈረንሳውያን ፈቱት።

ስለዚህ ፍልሰት ብቻውን አይበቃም። ክሎድ ሻነን በ1949 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ ጽኑ ምሥጢር ማደናገርንና መበተንን አጣምሮ መያዝ እንዳለበት አመለከተ፤ ውላጤና ፍልሰት ዛሬ ተባብረው የሚሠሩት ለዚህ ነው። በ2001 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ መመዘኛ ያደረገችው፣ ዳመንና ራይመን የተባሉት የቤልጅግ ተወላጆች የሠሩት፣ ዛሬ የባንክና የስልክ መልእክት የሚጠበቅበት ሥርዓት በየዙሩ ከሚፈጽማቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው፤ አራት በአራት በሆነ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን ረድፍ ይተዋል፣ ሁለተኛውን በአንድ፣ ሦስተኛውን በሁለት፣ አራተኛውን በሦስት እርምጃ ይስባል። አንዱ ከሌላው ተወሰደ የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ሕጉ ግን የአቡጊዳ ሕግ ነው።

ይህን የማነሣው ለኩራት ብቻ አይደለም። የሒሳብ መምህር የአደራደርን ትምህርት ሲጀምር ምሳሌውን ከሩቅ ያመጣል፤ ተማሪው ግን አያቱ በስንደዶ እየጠቆሙ ያነበቡትን ሠንጠረዥ በቤቱ አለው። መምህሩ አቡጊዳን በሰሌዳ ጽፎ «ይህ ስንት ጊዜ ቢሳብ ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ 13ኛው ላይ ደርሶ አራቱ ዓምዶች ከቤታቸው ገብተው ሦስቱ በመንገድ ላይ መቅረታቸውን ባየ ጊዜ፣ ለምን እንደ ሆነ ራሱ ይጠይቃል፤ መልሱም 26 ለሁለት የሚካፈል በመሆኑ ላይ መሆኑን ሲደርስበት፣ ፊደል የቆጠረበት ገበታ የሒሳብ መጽሐፉም ይሆንለታል።