ስለ ባሕር ዓሣ አኳሪየም ማጣሪያ፤ ሻጩ ከዕቃው ጋር ሊሰጠው ስለሚገባው ስሌት

ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገዢው ከሱቅ አውጥቶ ወደ ቤቱ እንደ ወሰደው ወዲያውኑ አገልግሎት የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ግን ተለክቶና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ተገጣጥሞ ካልሆነ በቀር የማያገለግል ነው። በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ዕቃ የሚነግድ ሰው የሚሸጠው መስታወትና ፕላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትም ጭምር ነው። ዕውቀቱን ሳይሰጥ ዕቃውን ብቻ የሸጠ እንደ ሆነ የገዢው ገንዘብ ይባክናል፤ የሻጩም ስም ይጐድፋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የባሕር ዓሣ በቤት ውስጥ የሚኖርበት የጨው ውሃ አኳሪየምና ከሥሩ የሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ ነው። ይህ የታችኛው ገንዳ በንግዱ ዘንድ «ሳምፕ» በሚለው ስም ይታወቃል። ሳምፕ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ይይዛል?» ብሎ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «ውሃው በሚዞርበት ጊዜ ስንት ሊትር የሚይዝ ባዶ ስፍራ ይቀርለታል?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ባዶ ስፍራ ነው።

የአሠራሩ ጥንተ ነገር

የባሕር እንስሳትን በመስታወት ውስጥ ማኖር በሰፊው የተለመደው በእንግሊዝ አገር ነው። በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. ሲሆን፣ «አኳሪየም» የሚለውን ስም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ በ1854 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስለመደው።

ለእኛ ለነጋዴዎች ይበልጥ የሚያስደስተው ግን የዊልያም አልፎርድ ሎይድ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በለንደን ከተማ የአኳሪየም ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ ነበር፤ በ1858 ዓ.ም.ም የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነዋጋቸውና ከነሥዕላቸው አሳትሞ ለገዢዎች አቅርቧል። በኋላም ታላላቅ የሕዝብ አኳሪየሞችን የሚያቅድ ባለሙያ ሆነ። በ1871 ዓ.ም. በለንደን በክሪስታል ፓላስ የተከፈተው አኳሪየም በእርሱ ዕቅድ የተሠራ ነው። ሎይድ የተከተለው ደንብ፣ ተመልካች ከሚያያቸው ገንዳዎች ሥር ከእነርሱ እጅግ የሚበልጥ ውሃ የሚይዝ ጨለማ ማጠራቀሚያ ማኖርና ውሃውን ያለ ማቋረጥ በፓምፕ ማዘዋወር ነበር። ዛሬ በቤት ውስጥ ከቁም ሣጥን ሥር የሚቀመጠው ሳምፕ የዚሁ አሳብ ታናሽ ወንድም ነው።

የሳምፕ ሥራ

የአሠራሩ መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከላይኛው ገንዳ ዳር ጥርስ ያለው የውሃ መውረጃ ሣጥን ይደረጋል። ውሃው ከጥርሱ በላይ ሲሆን በራሱ ክብደት በቧንቧ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፤ በዚያም በመስታወት ግድግዳ የተከፋፈሉ ክፍሎችን እያለፈ ይጣራል፤ በመጨረሻው ክፍል ያለው ፓምፕ ደግሞ ወደ ላይ ይመልሰዋል።

በመጀመሪያው ክፍል ከጨርቅ የተሠራ የማጣሪያ ከረጢት ጉድፉን ይይዛል። በሁለተኛው ክፍል «ስኪመር» የተባለው መሣሪያ ደቃቅ የአየር አረፋ እየነፋ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቆሻሻ ከአረፋው ጋር አውጥቶ በጽዋ ያጠራቅመዋል። በሌላው ክፍል የባሕር አልጌ በመብራት ይበቅልና ናይትሬት የተባለውን ትርፍ ነገር ይመገባል። የውሃ ማሞቂያውም በዚያው ስለሚቀመጥ ላይኛው ገንዳ ከሽቦና ከመሣሪያ ነፃ ሆኖ ለዓይን ያማረ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ለአገራችን በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የጨው ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከጨው አልባው ውሃ ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳር አገር ለተጻፈ መመሪያ የሚበቃው የዓሣ ቍጥር በደጋ ከተማ ሊበዛ ይችላል። ውሃው ወደ ሳምፑ ሲወርድና ስኪመሩ አየር ሲነፋበት ከአየር ጋር በሰፊው ስለሚገናኝ፣ ሳምፕ በእኛ ከተማ ከጌጥነት አልፎ የዓሣው መተንፈሻ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ የላይኛው ገንዳ ውሃ ከመውረጃው ጥርስ በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። መብራት በጠፋ ጊዜ ፓምፑ ይቆማል፤ ያ ትርፍ ውሃ ግን መውረዱን አይተውም። የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ባዶ ስፍራ በሳምፑ ውስጥ ከሌለ የሚቀበለው የቤቱ ወለል ነው።

ነገሩን በቍጥር እንየው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 55 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ ውሃ ቢሞላ 300 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል 18 ሊትር ይወርዳል። በቧንቧውና በመውረጃው ሣጥን ውስጥ ያለው 6 ሊትር ቢሆን ድምሩ 24 ሊትር ነው። ሳምፑ ርዝመቱ 75፣ ወርዱም ቁመቱም 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እስከ አፉ 120 ሊትር ይይዛል፤ በአማካይ እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ተሞልቶ ሲሠራ በውስጡ 75 ሊትር ይኖራል፤ 45 ሊትር የሚይዝ ባዶ ስፍራም ይተርፋል። እንግዲህ 24 ሊትር ወርዶ ገና የ21 ሊትር ስፍራ አለ ማለት ነው።

ነገር ግን ውሃ የሚመልሰው ቧንቧ አፉ ከውሃው ፊት 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ጠልቆ ቢገኝስ? ፓምፑ በቆመ ጊዜ ያው ቧንቧ ሲፎን ሆኖ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ ውሃውን ወደ ታች ይስባል። ያን ጊዜ የሚወርደው 48 ሊትርና የቧንቧው 6 ሊትር፣ በድምሩ 54 ሊትር ይሆናል። ሳምፑ 45ቱን ይቀበላል፤ 9 ሊትር የጨው ውሃ ምንጣፉንና የዕቃውን እግር ያጥባል። የተለወጠ ዕቃ የለም፤ የተለወጠው የአንድ ቧንቧ አፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። የመመለሻው አፍ ከውሃው ፊት ብዙ እንዳይጠልቅ ማድረግ፣ ወይም ከውሃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ በቧንቧው ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ነው። ቀዳዳው በአልጌ እንዳይደፈን በየጊዜው መጽዳት አለበት። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቫልቭ ብቻ መታመን አይገባም፤ የጨው ቅርፊትና የባሕር ተሕዋስያን ከተጣበቁበት ሳይዘጋ ይቀራልና።

ተቃራኒው አደጋም ሊታሰብ ይገባል። የመውረጃው ቧንቧ በቀንድ አውጣ ወይም በአልጌ ቢዘጋ ፓምፑ መግፋቱን አይተውም፤ የመጨረሻውን ክፍል ውሃ ሁሉ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከላይ በተመለከተው ገንዳ ከውሃው ፊት እስከ አፉ ድረስ የቀረው 5 ሳንቲ ሜትር 30 ሊትር ይቀበላል። ስለዚህ የፓምፑ ክፍል ውሃ 20 ሊትር ያህል ቢሆን ጉዳት አይደርስም፤ 40 ሊትር ቢሆን ግን ይፈሳል። ለጥንቃቄ ሁለተኛ መውረጃ ቧንቧ መጨመር መልካም ነው።

በተቋቋመ አኳሪየም ላይ ሳምፕ መጨመር

ገዢው ቀድሞ አኳሪየም ያለው ከሆነ የሚከተሉትን እንዲያውቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ መስታወቱ በእሳት የጠነከረ ዓይነት ከሆነ ሊበሳ አይችልም፤ መሰርሰሪያው እንደ ነካው ይደቅቃል። ተራ መስታወት ግን በአልማዝ መሰርሰሪያ፣ ውሃ እየተጨመረበት፣ ቀስ ተብሎ ይበሳል። ሳይበሱ በገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል መውረጃ አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው በሲፎን ስለ ሆነ አየር ከገባበት ይቆማል፤ ፓምፑ ግን መግፋቱን ስለማያቆም ላይኛው ገንዳ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ መብሳቱ ይመረጣል።

2ኛ/ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የውሃው ክብደት ብቻ ከ380 ኪሎ ግራም በላይ ነው። የመስታወቱና የድንጋዩ ክብደት ሲጨመርበት፣ መደገፊያው ጠረጴዛም ወለሉም ይህን የሚችል መሆን አለበት።

3ኛ/ የዓሣው እዳሪ አሞኒያ የተባለውን መርዝ ያወጣል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በድንጋዩና በአሮጌው ማጣሪያ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ድንጋዩ እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ አሮጌውንም ማጣሪያ ወዲያውኑ ሳይጥሉ ከሳምፑ ጋር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል አብሮ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል።

4ኛ/ ዓሣው ከመመለሱ በፊት ፓምፑን ሆን ብሎ አጥፍቶ የወረደው ውሃ ከሳምፑ አፍ ሳይፈስ መቆሙን መመልከት፣ ከዚያም ፓምፑን መልሶ አስነሥቶ በሥራ ጊዜ ውሃው የሚቆምበትን ልክ በሳምፑ ግድግዳ ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ይገባል። በሥራ ጊዜ ከዚያ ምልክት በላይ ውሃ መጨመር ክልክል ነው።

5ኛ/ ውሃ ሲተን ጨው አይተንም። ስለዚህ የጐደለው የሚተካው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ አይደለም። የኤሌክትሪኩም ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች እንዲጐብጥ ይደረግ፤ ጠብታ ቢወርድበት ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ በጉብጠቱ ይንጠባጠባል።

በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ የሚገቡ ነጥቦች

አስመጪው ለላኪው በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ «ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ጨው» ብሎ ማለፍ አይበቃውም።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በ110 ቮልት የተሠራ ፓምፕ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቮልቱ ቢስማማ እንኳ ኸርዙ ሊለይ ይችላል፤ ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራበት 60 ኸርዝ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ተራ ፓምፕ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ ወደ 5/6 ይወርዳል፤ የሚገፋውም ውሃ ይቀንሳል። በፓምፑ ላይ የተጻፈውም የሊትር ቍጥር ውሃውን ወደ ላይ በማይገፋበት ጊዜ የሚሰጠው ነው፤ ስለዚህ በ1 ሜትርና በ1 ሜትር ተኩል ከፍታ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አብሮ እንዲላክ መጠየቅ ይገባል።

የቧንቧው ልክ ሌላው ነገር ነው። በአሜሪካ ልክ «1 ኢንች» የሚባለው የፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 33.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለእርሱ የሚቀርበው የሚሊ ሜትር ልክ 32 ነው። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ቢገጣጠሙ ግን ያፈሳሉ። አንድ ጭነት ሙሉ በሙሉ በአንድ ልክ መታዘዝ አለበት። መዳብ ወይም ነሐስ ያለበት ማያያዣም ከቶ አይታዘዝ፤ ከመዳብ የሚወጣው ነገር ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነውና።

ጨውን በሚመለከት፣ በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ተራ ጨው ነው፤ የቀረው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌትን የመሰለ ነው። ስለዚህ የአፋር ጨው ለወጥ እጅግ መልካም ቢሆንም ለባሕር ዓሣ ብቻውን አይበቃም። በሊትር 35 ግራም ሲታሰብ፣ ከላይ ላለው 375 ሊትር ውሃ ከ13 ኪሎ ግራም በላይ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። በየወሩ አንድ አሥረኛው ውሃ ቢለወጥ ደግሞ ከ1.3 ኪሎ ግራም በላይ በየወሩ ይጠይቃል። ጨው እርጥበት ስለሚስብ በታሸገ ከረጢት ይጠበቅ።

ከዚህ የመጨረሻ ቍጥር የንግዱ ጥቅም ይታያል። ገንዳው የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ጨው፣ የማጣሪያ ከረጢትና መለዋወጫ ግን ዓሣው በሕይወት እስካለ ድረስ ይሸጣል። ዓሣው የሞተበት ወይም ቤቱ በውሃ የተጥለቀለቀበት ደንበኛ ግን ሁለተኛ ወደ ሱቁ አይመለስም፤ ያየውንም ለጎረቤቱ ይነግራል።

መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ሳምፕ የሚሸጥ ባለሱቅ አራት ቍጥሮችን በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፎ ከደረሰኙ ጋር ለገዢው እንዲሰጥ እንመክራለን፤ እነርሱም መብራት ሲጠፋ የሚወርደው ውሃ፣ በሳምፑ የሚቀረው ባዶ ስፍራ፣ የፓምፑ ክፍል ውሃና በላይኛው ገንዳ አፍ የቀረው ስፍራ ናቸው። ሁለተኛው ከፊተኛው፣ አራተኛውም ከሦስተኛው የበለጠ ከሆነ ዕቃው ይሸጥ። ካልሆነ ግን ሌላ ልክ እስኪገኝ ድረስ ሽያጩ ቢቆይ ለገዢውም ለሻጩም ይበጃል።