የቆዳ ዕቃዎችን ከሻጋታ ማጽዳትና በክረምት መጠበቅ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከየጓዳው የሚወጣው የቆዳ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ይገኛል። ገበሬው በጨርቅ ጠረግ አድርጎ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሻጋታው እንደገና ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆንና የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገበሬውን እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ እንገልጻለን።

የሻጋታ መነሻና ጉዳቱ

የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ ዘወትር በአየር ውስጥ ይገኛል። ደረቅ ቆዳ ላይ ቢያርፍ አያድግም። የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይና ቦታው ነፋስ የማይገባበት ሲሆን ግን ይበቅላል። ምግቡም በቆዳው ውስጥ ያለው ስብ፣ እንዲሁም በላዩ የተጣበቀው ላብና ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ላብ የጠጣ ኮርቻ ንጹሕ ከሆነው ቀድሞ ይሻግታል።

ሻጋታ ሲቆይ ቆዳውን ያደክማል፤ ስፌቱንም ያበሰብሳል። በጤፍ ዘር ወቅት ምራን ቢበጠስ የአንድ ቀን እርሻ ይስተጓጎላል። ሻግቶ የደረቀና የተሰነጣጠቀ የኮርቻ ቆዳም የፈረሱንና የበቅሎውን ጀርባ ልጦ ያቆስላል።

አጸዳዱ

1. ዕቃውን ከቤት ውጭ ማውጣት። በቤት ውስጥ ቢራገፍ ብናኙ ወደ ሌላው ዕቃና ወደ እህሉ ይበተናል። የሚያጸዳው ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቁም።

2. ሻጋታውን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ። በተለይ ስፌቱንና እጥፋቱን መመልከት ያስፈልጋል። ጨርቁ ታጥቦ በፀሐይ ሳይደርቅ ለሌላ ዕቃ አይዋል።

3. የለፋውን ቆዳ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ 70 በመቶ አልኮል ጥቂት ብቻ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ። ቀለሙን እንዳይለቅ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ላይ መሞከር ይገባል። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳትና ከሲጋራ ይራቅ። አልኮል ካልተገኘ በሳሙና አረፋ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ይቻላል።

4. ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማድረቅ። እርጥብ ቆዳ ምድጃ አጠገብ ወይም በቀትር ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃልም።

5. ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ስስ የቆዳ ቅባት መቀባት። ቅባት ሲበዛ ራሱ የሻጋታ ምግብ ይሆናል። እርጥብ ቆዳን መቀባትም እርጥበቱን ውስጡ ማስቀረት ነው።

በረኪና ቆዳን ስለሚጎዳ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም። ካልለፋ ቆዳ የተሠራ ምራንና ጠፍር ውኃ ሲጠጣ ስለሚላላና ስለሚሸት ከማጠብ ይልቅ ጭቃውን ጠርጎ፣ ወጠር አድርጎ በጥላ መስቀል ይሻላል።

ስለ ስልቻና አቁማዳ ልዩ ማሳሰቢያ

ውስጡ የሻገተ ስልቻ ለእህል አይውል። የሻጋታው ዘር ወደ እህሉ ይተላለፋል፤ እህሉም በደንብ ያልደረቀ ከሆነ አብሮ ይሻግታል። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ እህሉ ቢታጠብም ሆነ ቢበስል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በሰው ጉበት ላይም ከባድ ጉዳት ያደርሳል። በመሆኑም ስልቻው ከጸዳ በኋላም የሻጋታ ሽታው ካልለቀቀ ለሌላ ሥራ ይዋል።

አቀማመጥ

የጸዳ ዕቃ እርጥበት ወዳለበት ቦታ ከተመለሰ መልሶ ይሻግታል። ስለዚህ ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ዕቃው መሬት ሳይነካና ግድግዳ ሳይደገፍ በእንጨት ላይ ይሰቀል። ኮርቻ ሌላ ዕቃ ሳይጫነው ሆዱ ነፋስ እንዲያገኝ ሆኖ ይቀመጥ። በላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን ስለሚያፍን አይገባም፤ ከአቧራ ለመከላከል የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ከዝናም ወይም ከላብ የተመለሰ ዕቃ በዚያው ዕለት ሳይጠረግና ሳይናፈስ ወደ ጓዳ አይግባ።

የማኅበራት ድርሻ

በማኅበር መጋዘን የቆዳ ዕቃ የሚያስቀምጡ ማኅበራት ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ክፍል ባያኖሩት እንመክራለን። ዩሪያ ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለሆነ ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው ረጥቦ አጠገቡ ያለውንም ያረጥባል። የጣራው ፍሳሽ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይደፈን፤ ዕቃዎቹም በዚያው ወር ጸድተው ይቀቡ። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በየ15 ቀኑ፣ ዝናም ጋብ ባለበት ሰዓት አውጥቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። ይህን የሚከታተል አንድ አባል ቢመደብ ሥራው አይዘነጋም።

ይህ ጥንቃቄ ዝናም በሚበዛበት በአዊ አካባቢ ይበልጥ ያስፈልጋል። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን የሚያከብሩበት የፈረስ ዕቃ ያንን ረጅም ክረምት አሳልፎ የሚደርስ ነው።

የልማት ሠራተኞች በግንቦት ወር በሚያደርጉት ጉብኝት የገበሬውን ምራን፣ ኮርቻና ስልቻ አብረው ቢያዩ መልካም ነው። ጠፍሩን አጠፍ አድርጎ ስንጥቅ መኖሩን፣ ስፌቱን ሳብ አድርጎ መላላቱን መመርመር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። የደከመው ክፍል በዚያን ጊዜ ከታወቀ ሥራ ሳይበዛ ይጠገናል።