አሥር ዓመት የተሰጠው አሰልጣኝ

ነሐሴ 2015 ነው (ቀናቱንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዋይኮምብ ዋንደረርስ ከሜዳው ውጪ ከፕላይማውዝ ጋር ሲጫወት ግብ ጠባቂው አሌክስ ሊንች ተጎዳ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ማሊያ ለብሶ የተቀመጠው የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙ ባሪ ሪቻርድሰን ነበር። ዕድሜው 46። ጓንቱን አጥልቆ ገባ፤ አንድም ግብ ሳይቆጠርበት ዋይኮምብ 1 ለ 0 አሸንፎ ወጣ።

ይህን ስተርክ ተጫዋቾቼ ይስቃሉ። እኔ ግን በታችኛው ሊግ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ወዲያው የሚታየኝ ያን ዕለት ጠዋት የስም ዝርዝር የሞላው አሰልጣኝ ነው። ሁለተኛ ግብ ጠባቂ የለህም፤ ቦታውን ባዶ ትተወዋለህ ወይስ ያለህን ሰው ትጽፋለህ? ያለውን የጻፈው ሰው ጋሬዝ አይንስዎርዝ ይባላል።

በአሰልጣኞች ሥልጠና ላይ አርአያችሁ ማነው ስንባል ጋርዲዮላ የማይል የለም፤ አንዳንዱ አንቼሎቲ ይላል። የእኔን መልስ ሲሰሙ ብዙዎቹ ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። አይፈረድባቸውም። እኛ ቅዳሜና እሑድ የምናየው እንግሊዝ ሃያ ክለብ ያለው ነው፤ ከእነሱ ሥር ሰባ ሁለት ክለቦች በሦስት እርከን እንደሚራኮቱ ብናውቅም ጨዋታቸውን የሚያሳየን የለም።

አይንስዎርዝ በ1973 ብላክበርን ተወለደ። የከተማው ክለብ በወጣትነቱ ይዞት ቆይቶ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የአውቶቡስ መስመር ይመስላል፤ ፕሬስተን፣ ካምብሪጅ፣ እንደገና ፕሬስተን፣ ሊንከን፣ ፖርት ቬል፣ ዊምብልደን፣ ካርዲፍ፣ ኪውፒአር፣ በመጨረሻም ዋይኮምብ። የቀኝ ክንፍ ነበር፤ ፈጣን፣ የማይታክተው። ሊንከን በ1995 በ25 ሺህ ፓውንድ ገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በ500 ሺህ ሸጠው። ፖርት ቬል ደግሞ በ1998 ለዊምብልደን በ2 ሚሊዮን አሳለፈው። ፕሪሚየር ሊግን ቀመሰ፤ ግን ጉዳት አላስቀመጠውም። ጸጉሩን እስከ ትከሻው አሳድጎ የሮክ ባንድ ድምፃዊ መሆኑን እንግሊዞች ከኳሱ ይልቅ ያወሩለታል። እኔ ያን አልፈዋለሁ።

የማላልፈው በካምብሪጅ፣ በፕሬስተንና በሊንከን፣ በሦስቱም፣ ጆን ቤክ የሚባል አሰልጣኝ እጅ ማለፉን ነው። ቤክ በእንግሊዝ እግር ኳስ ስሙ በክፉም በደግም የሚነሳ ሰው ነው። ኳስ ወደ ማዕዘን አካባቢ ተልካ መስመሩን ሳትሻገር እንድትቆም የሜዳውን ጥግ ሣር እንዲያድግ ይተወዋል፤ ተጫዋቾቹን ከጨዋታ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ያስደፋባቸዋል። ኳስ በአየር ትላካለች፣ ክንፎች ይሮጣሉ፣ ኳስ ወደ ሳጥን ትሻገራለች። ዛሬ ይህን እከተላለሁ የሚል አሰልጣኝ መሳቂያ ነው። ግን ለሃያ ዓመት ወጣት የተሰጠው ትምህርት ሌላም ነበረ፤ ድሃ ቡድን ጨዋታውን ወደሚችለው ቦታ ጎትቶ መውሰድ እንጂ ሀብታሙ በሚችልበት ቦታ ሄዶ መሸነፍ የለበትም። አይንስዎርዝ ውኃውን ትቶ ይህን ነው የያዘው።

መስከረም 2012 ዋይኮምብ ጋሪ ዋዶክን አሰናብቶ እሱን፣ ገና የሚጫወተውን አይንስዎርዝን፣ በጊዜያዊነት ሾመው። በኪውፒአርም ሁለት ጊዜ ተጠባባቂ አሰልጣኝ ሆኖ ያውቃልና ሥራው እንግዳ አልሆነበትም። ክለቡን በዚያው ዓመት የተረከቡት ደጋፊዎቹ በማኅበራቸው በኩል ነበር። ሃይ ዋይኮምብ ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ያለች፣ በወንበር ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። ስታዲየሙ አሥር ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል፤ ካዝናው ግን ባዶ ነበር።

በሁለተኛው የውድድር ዓመት ማብቂያ፣ ግንቦት 3 ቀን 2014፣ ቡድኑ ከሊግ ቱ ሊወርድ አፋፍ ላይ ደረሰ። ከሊግ ቱ መውረድ ማለት ከዘጠና ሁለቱ ክለቦች ውጪ መሆን ነው። በመጨረሻው ቀን ብሪስቶል ሮቨርስን በሦስት ነጥብ ይከተላል። ራሱ ማሸነፍ ነበረበት፤ ሮቨርስ ደግሞ መሸነፍ። ዋይኮምብ ቶርኪን 3 ለ 0 አሸነፈ፣ ሮቨርስ በሜዳው በማንስፊልድ 1 ለ 0 ተረታ፣ በግብ ልዩነት ተረፉ።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። በእኛ ሙያ በዚያ ደረጃ የጨረሰ አሰልጣኝ ክረምቱን ቤቱ ነው የሚያሳልፈው። እኔ የሠራሁባቸው ክለቦች ውል የሚሰጡት ለአንድ የውድድር ዓመት ነው፤ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፍክ ስልኩ ይጮኻል፣ ሦስተኛው ላይ ስልኩ ዝም ይላል፤ የባሰው ዝምታው ነው። ዋይኮምብ ግን አቆየው። ገንዘብ ስላልነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ አይመስለኝም። ያው ድሃ ክለብ ዋዶክን በመስከረም አባሯል። ደጋፊዎቹ ያዩት ሌላ ነገር ቢሆን ነው ባይ ነኝ። በዓመቱ አራተኛ ሆነው ጨርሰው ዌምብሌይ ለፕሌይ ኦፍ ፍጻሜ ቀረቡ፤ በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ ሳውዝኤንድ አቻ አድርጎ በፍጹም ቅጣት ምት 7 ለ 6 ነጠቃቸው። ከዚያ በኋላም አልተባረረም። በ2018 ወደ ሊግ ዋን አሳደጋቸው።

የተሰጠውን ጊዜ የተጠቀመበት ሌላ ክለብ የጣለውን ሰው በመልቀም ነው። አዴባዮ አኪንፌንዋ በ2016 በኤኤፍሲ ዊምብልደን ማሊያ ዌምብሌይ ላይ አሸንፎ፣ ገና ከሜዳው ሳይወጣ በቴሌቪዥን ሥራ ፈት መሆኑን ተናግሮ አሰልጣኞች በዋትሳፕ እንዲያገኙት ጠየቀ። 34 ዓመቱ፣ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ በላይ። ለብዙ አሰልጣኝ የማይታሰብ ነው፤ መሮጥ አይችልማ! አይንስዎርዝ ወሰደው። መሮጥ የማይችለውን አጥቂ እንዲሮጥ አላሰለጠነውም። ኳስ በደረቱ እንዲይዝ፣ ሁለት ተከላካይ በጀርባው እንዲያቆም አደረገ፤ የሚሮጡት ሌሎቹ ሆኑ።

ሌላው የቆመ ኳስ ነው። የግራ ተመላላሹ ጆ ጃኮብሰን መስከረም 2019 በሊንከን ላይ ሦስት ግብ ሲያገባ ሁለቱ በቀጥታ ከማዕዘን ምት የገቡ ነበሩ። አንዱን እድል ልትለው ትችላለህ፤ ሁለቱን ግን አትልም። ይህን በልምምድ ላይ ሞክሬዋለሁ። ግራ እግረኛ ተጫዋች ከቀኙ ማዕዘን ሲመታ ኳሷ ወደ ግቡ ትታጠፋለች። ቋሚው አጠገብ አንድ ረጅም ሰው፣ ግብ ጠባቂው አፍንጫ ሥር ደግሞ አንድ ወፍራም ሰው ታቆማለህ። ግብ ጠባቂው ለመውጣት አንድ እርምጃ ሲፈልግ እርምጃዋ የለችም። የሚመታው ልጅ ግብ ጠባቂውን ሳይሆን የሩቁን ቋሚ ነው ማየት ያለበት። ሳር ባልበቀለበት፣ ኳስ እንደ ጥንቸል በምትዘልበት ሜዳ ላይ ከአሥር ቅብብል አንዷን ማዕዘን እመርጣለሁ። ቴክኒክ የሚወዱ ባልደረቦቼ በዚህ ይቀየሙኛል።

በ2020 ኮሮና ውድድሩን ሲያቋርጥ ዋይኮምብ ስምንተኛ ነበር። ነጥቡ ለጨዋታ ብዛት ሲካፈል፣ 59 ነጥብ ከ34 ጨዋታ፣ ሦስተኛ ሆነ፤ ብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ 35 ተጫውተው ነበር። ፒተርቦሮ በዚያው ስሌት ከፕሌይ ኦፉ ወጣና ከልቡ አዘነ፤ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም። ሐምሌ 13 ባዶ ዌምብሌይ ውስጥ ተከላካዩ ስቴዋርት በግንባሩ፣ ጃኮብሰን በፍጹም ቅጣት ምት አግብተው ኦክስፎርድን 2 ለ 1 አሸነፉ። ክለቡ በ1887 ከተመሠረተ ወዲህ ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በቻምፒየንሺፕ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች ተሸንፈው በ43 ነጥብ ወረዱ፤ ደርቢ በ44 ተረፈ። ሰባት ሽንፈት! ያኔም አይንስዎርዝን የነካው የለም። በ2022 እንደገና ዌምብሌይ ደርሶ በሰንደርላንድ 2 ለ 0 ተሸነፈ።

የካቲት 2023 ኪውፒአር ጠራው። የተጫወተበት፣ ደጋፊው ስሙን የሚያዜምለት ክለብ፤ ማን እምቢ ይላል? በርንሌይንና ስቶክን ከሜዳው ውጪ አሸንፎ ክለቡን ከመውረድ አተረፈ። በጥቅምት ማብቂያ፣ በስድስት ተከታታይ ሽንፈት ማግሥት፣ ተሰናበተ። ስምንት ወር። ብዙ ተንታኝ የሰጠው ፍርድ ዘዴው ለትልቅ ክለብ አይሆንም የሚል ነው። በከፊል እውነት አለው፤ ተተኪው ማርቲ ሲፉንቴስ በኳስ ቁጥጥር ያንኑ ስብስብ አድኖታል። ግን ዋይኮምብም ቢሆን በስምንት ወር ቢመዘን ኖሮ አይንስዎርዝ የሚባል አሰልጣኝ አናውቅም ነበር። አኪንፌንዋን የመሰለ ሰው አግኝቶ ዙሪያውን ቡድን መሥራት ስንት የዝውውር መስኮት ይፈጃል? አንድ መስኮት ብቻ የተሰጠው ሰው ያገኘው የሌላ አሰልጣኝ ምርጫ ነው።

ክለብ ሲያነጋግረኝ ታዲያ ከደመወዙ በፊት የምጠይቀው ሁለተኛውን ዓመት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። "ኮች፣ መጀመሪያ ውጤት አሳየን" ይሉኛል፣ በወዳጅነት።

እሱ ራሱ ግን ታማኝ ብቻ ተደርጎ እንዳይሳል። ኅዳር 2024 ሽሩስበሪን ተረከበ፤ ቡድኑ የሊግ ዋን መውረጃ ቀጠና ውስጥ ነበር። መጋቢት 2025 የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ ጥሎት ወደ ሊግ ቱው ጊሊንግሃም ሄደ፤ ሽሩስበሪም ወረደ። የሽሩስበሪ ደጋፊዎች ተናደዱ፤ መብታቸው ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን፣ እንደገና ቡድን የምሠራበት ሁለት ሦስት ዓመት ይሰጠኛል ብዬ ባምን፣ ያንኑ አደርግ ነበር፤ ይህን ደጋፊው ፊት ለማለት ግን ድፍረቱ ያጥረኛል።