ፍላሽ፦ በገጽ መካከል የተከፈተው መስኮት

ዛሬ ዜና ስናነብ ከአንቀጾቹ መካከል ቪዲዮ ይከፈታል፤ ካርታ በጣት ይሳባል፤ ሰንጠረዥ ሲነካ ይዘረዘራል። ድረ ገጽ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ጽሑፍና ሊንክ ነበር፤ ቆይቶ ምስል ተጨመረበት። የሚንቀሳቀስ፣ ድምፅ ያለው፣ ሲነኩት የሚመልስ ነገር በገጽ ውስጥ እንዲገባ መንገዱን በሰፊው የከፈተው ፍላሽ የተባለው ሶፍትዌር ነው። ፍላሽ ራሱ ከአገልግሎት ወጥቷል። ያስለመደን አሠራርና ያስነሳው ጥያቄ ግን ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ዛሬም የሚገጥመው ነው፤ ስለዚህ ምን እንደነበረ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፍላሽ ዋና ፈጣሪ ጆናታን ጌይ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። በ1993 ከባልደረቦቹ ጋር ፊውቸርዌቭ የሚባል አነስተኛ ኩባንያ አቋቁሞ፣ በብዕር ለሚታዘዙ ኮምፒውተሮች የሚሆን የሥዕል ፕሮግራም ይሠራ ነበር። እነዚያ ኮምፒውተሮች ገበያ አጡ። ኩባንያው ግን ሥዕሉን የሚንቀሳቀስ አድርጎ ፊቱን ወደ ኢንተርኔት አዞረና በ1996 ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር በሚል ስም አወጣው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ ስሙም ፍላሽ ሆነ። በ2005 ደግሞ አዶቢ ማክሮሚዲያን ጠቅልሎ ወሰደ።

ፍላሽን ያስወደደው ቅለቱ ነው። ፎቶግራፍ ሲላክ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ተዘርዝሮ ይላካል። ፍላሽ ግን ሥዕልን የሚጽፈው በመስመርና በቅርጽ ስሌት ነው፦ መስመሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ የት ላይ እንደሚጎብጥ፣ ውስጡ ምን ቀለም እንደሚቀባ። ያንን ተቀብሎ ሥዕሉን የሚሥለው የአንባቢው ኮምፒውተር ነው። ኢንተርኔት በስልክ መስመርና በሞደም በሚገባበት ዘመን ሙሉ አኒሜሽን ከአንድ ፎቶ ባነሰ መጠን ሊላክ የቻለው በዚህ ነው።

ለግዕዝ ፊደልም ይህ አሠራር የተለየ ጥቅም ነበረው። የፊደላትን የኮምፒውተር አጻጻፍ የሚደነግገው መስፈርት፣ ዩኒኮድ፣ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ደግሞ በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት አንባቢው ፎንቱን አስቀድሞ አውርዶ ካልጫነ፣ አማርኛው ባዶ ሳጥኖች ወይም የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይታየው ነበር። በፍላሽ ፋይል ውስጥ ግን የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ አብሮ ማሸግ ይቻል ስለነበር፣ አንባቢው ምንም ፎንት ባይኖረው እንኳ ሀሁ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጉድለትም ነበረበት፦ እንዲህ የተጻፈን አማርኛ ገልብጦ መውሰድም ሆነ በፍለጋ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

አሁን ወደ ገጹ እንግባ። ብራውዘሩ ፍላሽን አያውቀውም። የሚያውቀው በገጹ ኮድ ውስጥ «እዚህ ቦታ ላይ ይህን ያህል ስፋትና ቁመት ተውልኝ፤ ውስጡን ሌላ ፕሮግራም ይሞላዋል» የሚል ትእዛዝ ነው። ያ ሌላ ፕሮግራም ፕለጊን ይባላል። ትእዛዙን ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር «ኢምቤድ» አለው፤ የ1997ቱ የኤችቲኤምኤል መስፈርት ደግሞ «ኦብጀክት» የሚለውን አጸደቀ፤ ማይክሮሶፍት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብራውዘሩ ኦብጀክትን የተጠቀመበት በራሱ መንገድ ነበር። በዚህ ምክንያት ባለሙያው የአንዱን ፋይል አድራሻ ሁለት ጊዜ ይጽፍ ነበር፦ በውጭ ኦብጀክት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ በውስጡ ኢምቤድ ለሌሎቹ። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን የረሳ ሰው ገጹ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራለታል፤ አንባቢው ዘንድ ግን ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ የፍርድ ቤት ጉዳይ ተጨመረ። ኢዮላስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በገጽ ውስጥ ተነካክቶ የሚሠራ ፕሮግራም ማስገባት የእኔ ፈጠራ ነው ብሎ፣ በ1998 በተሰጠ የፈጠራ መብት ላይ ተመሥርቶ ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። በ2003 የቺካጎ ዳኞች ቡድን 521 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ማይክሮሶፍት ክርክሩ ገና ሳያበቃ በ2006 ብራውዘሩን ቀየረው፤ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው በገጹ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ለመጠቀም በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ጠቅ እያደረገ እንዲቀሰቅሰው ተገደደ። በዓለም ዙሪያ ያሉ የድረ ገጽ ባለሙያዎች ያቺን ጠቅታ ለማስቀረት ኮዳቸውን እንደገና ጻፉ። ሁለቱ ኩባንያዎች በ2007 ታረቁ። በ2012 ግን በሌሎች ኩባንያዎች ላይ በቀረበው ክስ፣ የድረ ገጽ አባት ቲም በርነርስ ሊ ራሱ ቴክሳስ ችሎት ቀርቦ ከመሰከረ በኋላ፣ ዳኞቹ መብቱ ዋጋ የለውም አሉ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ፔይ ዌይ የተባለው ወጣት ቪዮላ በተባለው ብራውዘሩ ተመሳሳይ ነገር ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበርና።

ፕለጊኑ የሚሞላው መስኮት ከተከፈተ በኋላ በገጹ መሃል ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ የገጹ ዓምድ 1000 ፒክሰል፣ መስኮቱ 640 ቢሆን የሚተርፈው 360 ነው፤ 180 በግራ፣ 180 በቀኝ። ኔትስኬፕ ለዚህ «ሴንተር» የሚል ትእዛዝ ነበረው፤ መስፈርቱ ግን በ1997 እንዲቀር መከረና ሥራውን የገጽን አቀማመጥ ለሚወስነው ቋንቋ፣ ለሲኤስኤስ፣ ሰጠ። በሲኤስኤስ የግራና የቀኝ ኅዳግ «አውቶ» ሲባል ብራውዘሩ የተረፈውን ቦታ እኩል ይከፍላል። ጀማሪውን ግራ የሚያጋባው ይህን ጽፎም መስኮቱ ከግራ ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ምክንያቱም ብራውዘሩ በገጽ ውስጥ የገባን ነገር የሚቆጥረው እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ከቃላቱ ጎን ያሰልፈዋል። ኅዳጉ የሚታዘዘው መስኮቱ ራሱን የቻለ ብሎክ ነው ተብሎ ሲነገረው ብቻ ነው። አለዚያ የያዘውን አንቀጽ ጽሑፍ ወደ መሃል ማሰለፍ ያስፈልጋል።

ስልክ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር ተከተለ። ዩቲዩብ መጀመሪያ አካባቢ ቪዲዮውን በገጻቸው ለሚያስገቡ ሰዎች የሚሰጠው ኮድ ስፋቱን 425 ፒክሰል ብሎ ይደነግግ ነበር። ዓምዱ 320 ፒክሰል በሆነ ገጽ ላይ የሚከፈል ትርፍ የለም፤ ብራውዘሩም ጉድለቱን በሁለቱም ወገን አያካፍልም። መስኮቱን ከግራ ጫፍ አስጀምሮ 105ቱን ፒክሰል በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ያስወጣዋል። መፍትሔው ስፋቱን በመቶኛ፣ ቁመቱን ደግሞ በ16 ለ9 ምጥጥን መወሰን ነው። ዛሬ ይህን አንድ የሲኤስኤስ መስመር ይጨርሰዋል።

ፍላሽን ያዳከመውም ስልኩ ነው። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም፤ ስቲቭ ጆብስ በሚያዝያ 2010 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ የባትሪን፣ የደኅንነትንና የአንድ ኩባንያ ንብረት የመሆንን ጉዳይ ዘረዘረ። በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ቪዲዮን ያለ ፕለጊን አጫወተ፤ ዩቲዩብም በ2015 መጀመሪያ ወደዚያው ዞረ። አዶቢ ድጋፉን በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 አቁሞ፣ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማጫወቻው ይዘቱን እንዳያሳይ አገደ። በርካታ ዓመታት የተደከመባቸው አኒሜሽኖች፣ ጌሞችና ማስተማሪያዎች ባዶ ሳጥን ሆኑ። ኢንተርኔት አርካይቭ ራፍል በተባለ ነፃ ሶፍትዌር አማካይነት ብዙዎቹን መልሶ እያጫወተ ነው፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

አሁን የፍላሽን ቦታ የያዘው፣ በገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ የሚከፍተው አይፍሬም ነው፤ በ1996 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 ጋር የመጣው። በግቢ ውስጥ እንዳለ የኪራይ ክፍል ነው፦ የት እንደሚቆም የሚወስነው የገጹ ባለቤት ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የሌላ ሰው ዕቃ ነው፤ ተከራዩም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ቪዲዮው ሲሰረዝ ወይም አገልግሎቱ ሲዘጋ የሚቀረው ባዶው ክፍል ነው። አንባቢውም ይከፍላል፤ የተከተተ ቪዲዮ ገና ሳይነካ የማጫወቻውን ኮድ ያወርዳልና፣ ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ድረ ገጽ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በተለይ የአማርኛ ሬዲዮ፣ የዝማሬና የታሪክ ቅጂ የምታወጡ፣ ከመስኮቱ ሥር ውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን እንደተናገረና መቼ እንደተቀዳ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ቀጥተኛ ሊንኩን ጨምሩ፤ መስኮቱ አንባቢው ወደ እሱ ሲደርስ ብቻ እንዲጫን አድርጉ። ዋናውን ቅጂም በእጃችሁ አኑሩ።