ምኑን አዲስ፣ ምኑን ያገለገለ እንግዛ?

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ጎጆ የሚያወጡ ባልና ሚስት የቤቱን ዕቃ በሙሉ ከሱቅ አዲስ ገዝተው ይችሉታል ማለት ዘበት ነው። ምናለሽ ተራ፣ የሰፈር ደላላ፣ አገር ለቆ የሚሄድ ሰው የሚሸጠው ዕቃ ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ቤት ባዶውን ይቆም ነበር። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ብልህነት ነው ብዬ አምናለሁ። ገዢው ግን ዋጋ ከመከራከሩ በፊት አንድ ነገር ራሱን ቢጠይቅ እወዳለሁ። ይህ ዕቃ በቀድሞ ባለቤቱ ቤት የደረሰበትን ጉዳት በዓይኔ ማየት፣ የተጣበቀበትንስ ቆሻሻ ማስለቀቅ እችላለሁ?

የእንጨት ወንበር ከላላ ሲቀመጡበት ይነቃነቃል። የብረት አልጋ ዝገቱ ከላይ ይታያል። ብርጭቆም ፈሳሽ ወደ ውስጡ ስለማያስገባ በሳሙናና በሙቅ ውኃ እንደ አዲስ ይጸዳል። እነዚህን በደንብ አይተውና አጽድተው ይግዙ።

የስፖንጅ ፍራሽ ግን ሌላ ነው። የትኋን እንቁላል ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን እናቲቱ ስፌት ውስጥ አጣብቃ ትጥለዋለች። ያደገው ትኋንም ቢሆን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጠፍጣፋ ነፍሳት ስለሆነ ቀጭን ስንጥቅ ይበቃዋል። ደም ሳይቀምስ ለወራት መቆየት ስለሚችል «ፍራሹ መጋዘን ውስጥ ከርሟል» የሚለው የሻጭ ማረጋገጫ ምንም አያረጋግጥም። መድኃኒት መርጨትም እንደ ድሮው አያስተማምንም፤ ዲዲቲን የሚቋቋም ትኋን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ታይቷል፣ የዛሬዎቹም ብዙዎቹ ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን የተለመዱ ፀረ ተባዮች ተላምደዋል። የሚያሸንፈው ሙቀት ነው። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ትኋንም እንቁላሉም ይሞታል። ችግሩ ስፖንጅ ሙቀት የማያሳልፍ መሆኑ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ላዩ ይግላል፣ ትኋኑ ደግሞ ወደ ቀዝቃዛው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የስፖንጅ ፍራሽ አዲስ ይገዛ። የጥጥ ፍራሽ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ተፈትቶ ልብሱ ይቀቀላል፣ ጥጡም እንደገና ይባዘታል።

በዚሁ ምክንያት ሰልባጅ ልብስ ከፍራሽ ይልቅ የሚታመን ነው። ተስቦንና ዛሬም ከአገራችን ያልጠፋውን ግርሻን የሚያስተላልፈው የሰውነት ቅማል መኖሪያው የልብስ ስፌት ነው፤ ቢሆንም ከሰው ከተለየ ከሳምንት ብዙ አያልፍም። በ60 ዲግሪ ውኃ ታጥቦ፣ ስፌቱ በጋለ ካውያ የተተኮሰ ልብስ ከቅማልም ከቅጫምም ነፃ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው ስህተት ያለው እዚያ ነው። ገዢ የሚመረምረው ሸክላውን ነው፤ ተሰንጥቋል ወይ፣ እንጀራ ያወጣል ወይ ብሎ። እውነት ነው፣ በደንብ የተሟሸ አሮጌ ሸክላ ከአዲስ ሊሻል ይችላል። አደጋው ግን ገመዱና ሶኬቱ ጋ ነው። የቤት ምጣድ ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ በገመዱ ያልፋል ማለት ነው። በአንድ መገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚገኘው የኤሌክትሪኩ መጠን በራሱ ተባዝቶ እንደገና በመገናኛው ተቃውሞ ሲባዛ ነው። በላላ ወይም በዛገ መገናኛ ላይ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢኖር እንኳ ወደ 128 ዋት ሙቀት በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ሶኬቱ ውስጥ እንደ በሩ ቁጠሩት። ፕላስቲኩ የሚቀልጠው፣ ግድግዳው የሚጠቁረው በዚህ ነው። ምጣዱን ያገለገለ ግዙ፤ ገመዱንና ሶኬቱን ግን ወፍራምና አዲስ አድርጋችሁ አስቀይሩ። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ምድጃው አሮጌ ቢሆን ግድ የለም፣ የጎማ ቱቦው ግን እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ በአዲስ ይተካ።

አዲስ ሁሉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ከውራጅ የመኪናና የማሽን አካላት ቀልጠው የሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዙ ይችላሉ። ካሜሩን ውስጥ በተሠሩ እንዲህ ባሉ ድስቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ኮምጣጣ ፈሳሽ ሲፈላባቸው ሊድ እንደሚለቁ አሳይቷል። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ መጠን አይታወቅለትም ይላል። ስለዚህ ያገለገለ የማይዝግ ብረት ድስት፣ ምንነቱ ካልታወቀ ብረት ከቀለጠ አዲስ ድስት ይበልጣል። ቀለም የተቀባ አሮጌ የሕፃን አልጋም በዚህ ዓይን ይታይ። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ አልጋ የሚላላጥ ከሆነ፣ የአልጋውን ጠርዝ የሚነክስ ሕፃን ያለበት ቤት አይግባ።

ያገለገለ ፍሪጅ ከተገዛ፣ በበሩ ጠርዝ ወረቀት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ወረቀቱን መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው አልቋል፤ ጎማው ግን ይቀየራል። የማይቀየረው በግድግዳው ውስጥ ያለው ፎም ነው። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የታመቀው ጋዝ በዓመታት ውስጥ እየወጣ አየር ይተካዋል፤ አየሩ ከጋዙ የበለጠ ሙቀት ያሳልፋል፣ ሞተሩም ብዙ ሰዓት ይሠራል። እንግዲህ በጣም ያረጀ ፍሪጅ በግዢ ያተረፈውን በመብራት ሂሳብ ይመልሳል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ርካሹ ዕቃ፣ ጀሪካን ነው። ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተወሳሰቡበት ነገር ነው፤ ዘይትነት ያላቸው ኬሚካሎች በሞለኪውሎቹ መካከል ሰርገው ይገባሉ። እጥበት የሚያስወግደው ላዩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ላምባ የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ መሽተቱን የማይተወው ለዚህ ነው። የላምባ ሽታ ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል ግን ምንም ሳይሸት ውኃው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሊለቀቅ ይችላል፣ ፀሐይ ሲመታው ወይም ዘይት ሲቀመጥበት ደግሞ ይብሳል። የምግብ ዘይት እንደነበረበት በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ ለመጠጥ ውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አዲስ ጀሪካን ግዙ።

ገበሬዎችና የአበባ እርሻ ሠራተኞች ደግሞ፣ የፀረ ተባይ ዕቃ ባዶ ሲሆን ለቆራሌው አትሽጡት፣ ለጎረቤትም አትስጡት። ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ እጣቢውን እዚያው የሚረጨው መድኃኒት ውስጥ ጨምሩት፣ ከዚያም ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት ታቹን ብሱት።