ከጣሪያ ወደ ጋቢና፦ በደቡብ ኦሞ መንገዶች ኔትወርክን ማጉላት

ጂንካ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ከዚያ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የሞባይል ሞገድ ተራራ ሲጋርደው ስለሚደክም፣ ከተማ ላይ ጥሩ የነበረ ስልክ ቁልቁለቱ ላይ ዝም ይላል። በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አልፎ ወደ ኦሞራቴ ለሚሄድም ኔትወርኩ ብቅ ጥልቅ ይላል። ድንኳን የጫነ ላንድክሩዘር እዚህ ሞልቷል፣ የሁሉም ችግር አንድ ነው።

ቡስተር የሚባለው ማጉያ ከሌለ ነገር ሞገድ አይፈጥርም። ውጭ ያለው አንቴና የያዘውን ደካማ ሞገድ አጉልቶ በውስጡ አንቴና ይረጫል፣ የስልኩንም መልስ ወደ ኔትወርኩ ምሰሶ ይልካል። ሰው ብዙውን ጊዜ ለማጉያው ዋጋ ይጨነቃል፤ እኔ ግን ከሱ በፊት ገመዱን እጠይቃለሁ። አርጂ 58 የተባለው ቀጭን ገመድ በ900 ሜጋኸርዝ በየሜትሩ ግማሽ ዴሲቤል ገደማ ይበላል። 6 ሜትር ከተዘረጋ 3 ዴሲቤል፣ ማለትም የኃይሉ ግማሽ፣ ማጉያው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። በ1,800 ሜጋኸርዝ ይብሳል። ኤልኤምአር 400 በዚያው ርቀት ከ1 ዴሲቤል በታች ነው የሚያጠፋው፤ ሆኖም 10 ሚሊሜትር ስለሚወፍር በበር ጎማ ስር አልፎ በሩ አይዘጋም።

ስለዚህ ገመዱ የሚገባበት ቦታ ላይ መወሰን ግድ ነው። በበር ማሾለክ ቀላል ነው፤ ብቻ በሩ በተዘጋ ቁጥር ገመዱ ይጨፈለቃል፣ በክፍተቱም አቧራ ይገባል። ለዓመታት ለሚቆይ ሥራ ላሜራውን በትራፓን በስቶ ጠርዙን በጎማ ቀለበት መሸፈን፣ ከዚያም በሲሊኮን ማሸግ ይሻላል። ገመዱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይታጠፍ፤ የዝናቡ ውኃ እዚያው ይንጠባጠባል። ውኃ የገባበት ገመድ መዳቡ ይበላሻል፣ መቀየር እንጂ መጠገን አያዋጣም።

የውጩ አንቴና ፖርቶመጋላ ላይ ከፍ ብሎ ይታሰር፣ የውስጡ ግን ይራቀው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ማጉያው፣ ድምፅ ማጉያ ፊት እንደ ቀረበ ማይክሮፎን፣ የራሱን መልሶ እየሰማ ይጮኻል፤ ምሰሶውንም ሊረብሽ ይችላል። የብረት ጣሪያ በመካከላቸው መጋረጃ ሆኖ ይረዳል፣ የፋይበር ጣሪያ ግን ሞገዱን ያሳልፋል።

ምሰሶውን መረበሽ የሕግ ጉዳይም ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ተቋቁሟል፤ የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት ማጽደቅም ሥራው ነው። ቡስተር ከውጭ ልታስመጡ ካሰባችሁ ክፍያ ሳትፈጽሙ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ጨርሶ ኔትወርክ ወደሌለበት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቡስተር አይጠቅማችሁም፤ ያለው አማራጭ የሳተላይት ስልክ ነው፣ እሱም ፈቃድ ይፈልጋል።